በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ስም

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጾሙና ስግደቱ እንዴት ይዞሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? እኔ ከግራ አውራ ጣቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም በመዶሻ የመታሁት ሐሳብ ይዞኝ ሲሄድ ነው። ከመነኮስሽ ወዲህ እማሆይ ልልሽ፣ እርስዎም ልልሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለ። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን ሰው በምን አፌ እርስዎ እላለሁ? እመምኔቷ ይህን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

እታለም፣ ግራ ገብቶኛል። ሳልፈራ የማዋየው ሰው ደግሞ ካንቺ ሌላ የለኝም።

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በሩ በስብሶ አዲሱን እንድሠራ እንደተሰጠኝ ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ሰባት ወር ሙሉ፣ የአለቃዬን ሥራ ስጨርስ እያመሸሁ ሠራሁት። ልኬት ስለማበዛ ሚሊሜትር እያሉ የሚያሾፉብኝ ባልደረቦቼ እንኳ መጥተው ቅርጹን በእጃቸው ዳሰሱት። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር። በመጨረሻው ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሁለቱ ሳንቃዎች በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ ስሜን ቀረጽኩ። ጣት አያክልም። በሩ ሲዘጋ ይደበቃል፤ ሲከፈት ይታያል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። የሚገባውን ሰው ሁሉ እከታተላለሁ፤ ቀና ብሎ ሳያየው ካለፈ እናደዳለሁ። እግዚአብሔርን ብሎ የመጣ ሰው እኔን ስላላየኝ እናደዳለሁ እኮ! ይባስ ብሎ አንድ ሆቴል የሚያሠራ ባለጸጋ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የበሩን ሠሪ ፈልጎ እንደሚመጣ ሰማሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው ወርክሾፕ ስሠራ የራሴ መሥሪያ እንዲኖረኝ ተመኝቻለሁ። ምኞቱ ራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። ግን ስሜን ስቀርጽ በዓይኔ የመጣው መስቀሉ አልነበረም፤ የራሴ ወርክሾፕ ማስታወቂያ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ማን ያየዋል ብለው ጠየቁኝ፤ እግዚአብሔር ያየዋል አልኳቸው። እሱማ ሳትጽፍለትም ስምህን ያውቀዋል ብለው እየሳቁ ሄዱ። እንግዲህ ይህ ተወው ማለት ነው ወይስ ፋቀው? ጊዜ ደግሞ የለኝም። በሩ እሁድ ይባረካል፤ ከተባረከ በኋላ ስለት ያለው መሣሪያ አይነካውም ተብያለሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት መሮዬን ይዤ ሄድኩ። ቆርጬ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎንበስ ብዬ መሮውን ሳስጠጋ ሻማ የሚሸጡት አሮጊት መጡ፤ ዓይናቸው ብዙም አያይም። ገለል አልኩላቸው። ሊሳለሙ አጎነበሱና ከንፈራቸው ልክ ስሜ ላይ አረፈ። ግንባራቸውንም አስነኩት። እታለም፣ በጣም አፈርኩ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማፈሬ በፊት ደስ ብሎኛል። መሮውን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኔ ደግሞ ዛፍ መሰንጠቅ እንጂ መውጣት አልተማርኩም። አንዴ ፋቀው እላለሁ፤ አንዴ ይህን እጅ የሰጠኝ እግዚአብሔር አይደል ወይ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ይህን የሚያስብለኝ ማን ይሆን እላለሁ። ደብዳቤው የሚደርስሽ እሁድ ካለፈ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅኩ ለምን እንደምጠይቅሽም አልገባኝም።

ስለዚህ የበሩን ነገር ልተወውና ስለ መስታወቱ ልጠይቅሽ። ወደ ገዳም የሄድሽ ዕለት የሰጠሽኝ፣ ጥጉ የተሸረፈው፤ እስከ ዛሬ ጢሜን የምላጨው በሱ ነው። ከመስጠትሽ በፊት ብቻሽን ሆነሽ ፊትሽን አየሽበት፤ ፀጉርሽንም በጣትሽ አስተካከልሽ። በቁልፉ ቀዳዳ አይቼሻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ፊትሽን ስትሰናበቺው ነበር ወይስ ሳትጠግቢው ነው የሄድሽው? ካልጠገብሽው፣ በማግስቱ እንዴት ጸለይሽ?

እናታችን እያገላበጠች ትስምሻለች። ሹራብ ጀምራልሻለች፤ ቀይ ካልሆነ ብላ ስትሟገተኝ ሰንብታ በመከራ ወደ ጥቁር መለስኳት። ባለቤቴ በጸሎትሽ አትርሽን ትላለች። ትንሿ ልጄም መነኩሴዋን አክስቴን ሳምልኝ ብላኛለች። እመምኔቷንና ክፍል የምትጋራሽን እህት ሰላም በይልኝ።

እንግዲህ ስሜን ልጽፍ ብዕሩን አስጠጋሁና እጄ ቆመ። ለዛሬ ይህ ይበቃኛል፦

ወንድምሽ

ከወርክሾፑ፣ ከመላጊያው ጠረጴዛ ላይ
ዓርብ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን