ጨው የሚቀምስልኝ ሰው

ይድረስ ለእታለሜ ለመሪማ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይ? በረመዷን ጾመሽ ለሰው ቤት ማብሰሉ እንዴት አድርጎሻል? ሙቀቱስ? የእመቤትሽ ጭቅጭቅስ ቀነሰ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ድካሙ ቢበዛም የሚተነፍስ ሰው አያማርርም።

በስልክ ማስረዳት ያቃተኝን ነው የምጽፍልሽ። በኢሞ ስንገናኝ አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔ ነገሩን ማስረዳት ስጀምር ኔትወርኩ ይቆረጣል። ይህን ወረቀት የመስኡዳ ልጅ ሙጂባ ወደ ጅዳ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች።

ባለፈው ያልሽኝን አልረሳሁም። «ወይ አግባ፣ ወይ ኢንሳፍ ትምህርቷን ትታ ጓዳውን ትያዝ፤ ወንድ ብቻውን ቤት አያቆምም» ብለሻል። ስህን፣ አላህ ይርሐማት፣ ካለፈች ገና አራት ወሯ ነው፤ ሚስት ለመፈለግ ልቤ አልተነሳም። ልጄ ኢንሳፍ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ የበላባት አንሶ የቀረውን እኔ ልብላባት? ግን እውነትሽን ነው፤ ከጓዳ ሥራ አንዱንም አላውቅም ነበር።

አንቺ የላክሽው ስልክ የተረፈው ስህን ከጎታው እህል ሥር ቀብራው ስለነበር ነው። ታጣቂዎቹ የስፌት መኪናዬን ጭነው ሲሄዱ እሱን አላገኙትም። አሁን የምሰፋው በሰው መኪና ነው፤ ካገኘሁት ግማሹ የባለቤቱ ነው።

ረመዷን በገባ ዕለት ከስፌት ቤት ቀደም ብዬ ወጣሁና ኢንሳፍ ስልኩ ላይ «ቀላልና ርካሽ ምግብ» ብላ ፈለገችልኝ። አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ማድ ቤቷ እንደ ክሊኒክ ነጭ ነው። «ቤታችሁ ባለው ነገር» ስትል ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። ፍሪጅ ከፈተች፣ ሥጋ አወጣች፣ ቺዝ አወጣች፣ ዘይቱንማ እንደ ውኃ ታንቆረቁረዋለች። ዘንድሮ ዘይት ምን እንደ ሆነ ሰምተሻል፤ እኛ ድስቱን የምናስነካው በማንኪያ ጫፍ ነው። ሌላም አየን፣ እሱም ሥጋ። ርካሽ የሚሉት ለማን እንደ ሆነ እንጃ። በመጨረሻ የምስር ሾርባ አገኘሁና እያየሁ ጣድኩ።

ጨው ጨመርኩ። ቆይቼ ደግሞ ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም ብዬ ተጠራጠርኩ። ጾመኛ ነኝና አልቀመስኩም፤ ደገምኩበት። መግሪብ ደረሰ፣ በቴምር አፈጠርን፣ ሾርባውን ቀዳሁ። ትንሹ ሰዓድ አንዴ ፉት ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባ፣ ከአፋር ነው እንዴ የቀዳኸው?» አለኝ። ኢንሳፍ አልሳቀችም። እስከ ታች ጠጣችው፤ የጎዳኝ እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። «ምነው፣ ትምህርት የለም?» ስላት «ለረመዷን ብቻ ነው አባ» አለች። መሪማ፣ አንቺም እናታችን የሞተች ጊዜ ከአራተኛ ክፍል የወጣሽው «ለክረምቱ ብቻ ነው» ብለሽ ነበር። ያን ዕለት መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ዋለ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሸህ ሙሐመድሁሴንን ጠየቅኳቸው። «የሚያበስል ሰው በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ጾሙ አይፈርስም» አሉኝ። ጢማቸውን እያሻሹ ደግሞ፣ «አንተን ግን ኑርዬ፣ ከልጅነትህ አውቅሃለሁ፤ አፍህ የገባውን አትተፋም» ብለው ሳቁብኝ። ራሴን ብመረምረው አልተሳሳቱም። ደክሞት የዋለ ሰው ምላሱን አያምነውም።

ይህንኑ ዘንድሮ መጾም ለጀመረው ለሰዓድ ስነግረው ጸዳለ አጥሩን ተደግፋ ትሰማኛለች። ጎረቤታችንን ጸዳለን ታውቂያታለሽ፣ የሽታውን ሚስት፤ ስህንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት እሷ ናት። «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ? አምጣ ልቅመስልህ!» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ቆይ፣ ቅቤ ነክቶታል? ሁዳዴ ላይ ነኝ እኮ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም እህል አልቀምስም» አለችኝ። ዘንድሮ የእኛና የእነሱ ጾም ገጥሟል። ርካሽ ምግብ ብዬ ፈልጌ ያገኘሁትን ስነግራት ከትከት ብላ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ርካሽ በለው ማን አለህ? የጾም በለው እንጂ! ሀብታሙም ድሃውም ሁዳዴ ላይ እኩል ድሃ ነው።»

እንዳለችው ስልኩ ላይ «የጾም ምግብ» ብለን ጻፍን። እታለሜ፣ በር የተከፈተልኝ መሰለኝ። ሽምብራው፣ ተልባው፣ ጎመኑ፣ አደንጓሬው፣ ሁሉም ከውጫሌ ገበያ የሚመጣ፣ እጃችን ያለ ነገር ነው። መሬት ቁጭ ብላ በከሰል የምታበስል አንዲት ሴት አለች። «ዘይት ተወደደ ብላችሁ አትዘኑ፤ ሱፉን ለብለብ አድርጋችሁ ወቅጣችሁ በውኃ አጥልሉት» ትላለች። እውነትም እንደ ወተት ነጣ። ክርስቲያኗ ለሁዳዴ ያስተማረችውን እኔ ለኢፍጣር አቀረብኩት።

ቪዲዮ ካርድ ስለሚበላ ኢንሳፍ አንድ የቴሌግራም ቻናል አስገባችኝ፤ ሴቶች ያበሰሉትን በጽሑፍ የሚለዋወጡበት ነው። ቁጥሩ የስህን ስለነበር ስሜ እዚያ ስህን ሆነ። «ሽሮዬ እየጓጎለ አስቸገረኝ» ብዬ ብጽፍ አንዲት የደብረ ማርቆስ ሴት፣ «ስህንዬ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪው እንጂ፤ እናትሽ አላስተማረችሽም?» ብላ ተቆጣችኝ። ወንድ ነኝ ልላት አሰብኩና ተውኩት። ስሟን ሰው ሲጠራው ደስ አለኝ፣ አዘንኩም። በኋላ ግን ማታለል መስሎ ሶላቴ ላይ ሁሉ ስለመጣብኝ እውነቱን ጻፍኩላት። ከዚያ፣ «ነፍሷን ይማር። ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑን እንዳትረሳ ወንድሜ» ብላ ላከችልኝ።

አሁን ሌሊት ሱሑር በልተን ስንጨርስ ሽምብራዬን ዘፍዝፌ እወጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ማንኪያውን በአጥሩ ላይ አሳልፋለሁ፣ ጸዳለ ትቀምሳለች። «አነሰው» ትላለች፣ «ይበቃዋል» ትላለች፣ አንዳንዴም «ይህን ለጠላትህ ስጠው» ትለኛለች። ከፋሲካ በኋላ ቅቤውንም እቀምስልሃለሁ ብላኛለች፤ ቅቤው ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም። እንጀራውን እሷ ትጋግርልኛለች፣ እኔ የልጆቿን ልብስ እሰፋላታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ በማፍጠሪያ ሰዓት ለስህን ሰደቃ አደረግሁ። ሥጋ ቢኖር ክርስቲያኖቹ ለብቻቸው ይቀርብላቸው ነበር፤ ስለሌለ ሁላችንም አንድ ገበታ ቀረብን። የሙጂባ እናት መስኡዳ፣ «ወንድ የሠራው ሰደቃ ይደርሳት ይሆን?» ስትል ጸዳለ ከወዲያ ማዶ፣ «ጨዉን የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ ይደርሳታል» አለቻት። መስኡዳም ሁለቴ አስጨምራ በላች።

በበነጋው ጠዋት ኢንሳፍ ዩኒፎርሟን ከሣጥን አውጥታ ተኮሰች። ከበሩ እስክታልፍ ጠበቅኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ደክሞኛል፣ አልደብቅሽም። ቀን በሰው መኪና ላይ ተጎንብሼ እውላለሁ፣ ማታ ጭሱ ዓይኔን ይልጠኛል። አንዳንዴ ሱጁድ ወርጄ መነሳት ያቅተኛል። ጌታዬ ይህንንም እንደ ዒባዳ ቁጠርልኝ እላለሁ። ስህን ይህን ሁሉ ስትሠራ ድካሟን አንድ ቀን አይቼላት አውቅ ይሆን ብዬም እጠይቃለሁ።

እታለሜ፣ ያልሽኝ ለእኔ አዝነሽ እንደ ሆነ አውቃለሁ። አንቺ በልጅነትሽ ድስቱን ባትይዢው እኔ ስምንተኛ ክፍል አልደርስም፣ ይህን ደብዳቤም አልጽፍም ነበር። አንቺን ያስቀረ ድስት ግን ኢንሳፍን አያስቀራትም። ይዤዋለሁ። አብሽሪ፣ አታስቢ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። እናታችን አምባሰል ሳለን ከባቄላ ዱቄት የምታበጀው እልበት እንዴት ነበር? ስልኩ ውስጥ ብፈልግ የእሷን ዓይነት አጣሁ፤ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ቀስ ብለሽ በድምፅ ላኪልኝ። እኔ እሠራዋለሁ፣ ጸዳለ ትቀምሰዋለች፣ ኢንሳፍ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስተካክላ ጽፋ ቻናሉ ላይ ታወጣዋለች። ከላዩ ላይ «የመሪማ እልበት» ብላ ትጽፍበታለች።

ኢንሳፍ ጉልበትሽን ትስማለች። ሰዓድ፣ «አክስቴ ጨው እንዳትልክ በላት» ይላል። ጸዳለና ሽታው እጅ ነስተዋል፤ ጸዳለ ሕማማት ገብታ ስግደት ላይ ብትሆንም አልረሳችሽም። ሸህ ሙሐመድሁሴን በየሶላቱ ዱዓ ያደርጉልሻል። አብራሽ ለምታድረው ለዑምኩልሱም ሰላም በይልኝ፤ ወገብሽን እንድታሽልሽም ንገሪያት። ለዒድ አላህ በሰላም ያድርሰን።

ወንድምሽ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.