የኦቦ ገመቹ ግማሽ ፊት

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

ዛሬ የኦቦ ገመቹ ልጅ ጫልቱ ጥቁር ለብሳ ማተሚያ ቤቴ ገባች። አባቷ በድንገት አርፈዋል። እጇ ላይ እኔ የሠራሁላቸውን ቢዝነስ ካርድ ይዛለች።

"ነገ ቀብሩ ላይ የምንይዘውን ፎቶ ከዚህ አሳድግልን" አለችኝ። ቤተሰቡ የአባቷን ስልክ መክፈት አልቻለም፤ ቤት ያለው የድሮው የሠርጋቸው ፎቶ ብቻ ነው።

ካርዱ ላይ ያለው ግን ግማሽ ፊታቸው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደሳቸው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር ብዙ ስለሆነ፣ "ሰው ተቀብሎ የማይጥለው ካርድ ሥራልኝ" ብለውኝ ነበር። ፊታቸውን መሀል ለመሀል ቆርጬ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት። "ሙሉውን ማየት የፈለገ ይደውላል" ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። እኔም በዘዴዬ ኮርቼ ነበር።

ዋናውን ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ ፈለግኩ። የለም። ባለፈው ወር ቦታ ሲሞላብኝ ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ይህን ለመናገር አፈርኩና ያለውን ግማሽ ገልብጬ ከራሱ ጋር ገጠምኩት። ፊት መሰለ፤ ግን የማላውቀው ኮስታራ ሰው ፊት።

ጫልቱ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው።

"አባዬ በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚስቀው" አለች። "የቆረጥከው እሱን ነው።"

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ "ይሁን፣ አትመው" አለችኝ።

አትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባሁላት። ፎቶውን ወደ ራሷ አዙራ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ወጣች። መንገድ ላይ ማንም አላየውም።

ነገ ግን ወደ ሰው ማዞሯ አይቀርም።