የእማማ ከልሱም ማባበያዎች በመስኮት ብርሃን

ማርች 2

ዝናቡ አቆመ። ባሕሩ ረግቷል። ሩስላን ጀልባዋን ገልብጦ ሆዷን ሲቀባ ዋለ... ባሌ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የሚጨነቀው። የሶቶንግ ወቅት ደረሰ። ያ ቀለም የሚተፋ ባለ ብዙ እግር ፍጡር ወደ ካፓስ ደሴት ዳር ሲጠጋ መንደራችን ማራንግ ውስጥ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም።

አማቴ እማማ ከልሱም የሚሠሯቸውን የሶቶንግ ማጥመጃ ማባበያዎች ፎቶ አነሳሁ። ጣት የሚያህሉ የእንጨት ዓሣዎች፣ ክር የተጠመጠመባቸው፣ ጭራቸው ላይ የመርፌ አክሊል ያላቸው። አበባ ባለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ደርድሬ አነሳሁና ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩ። አንዱ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ይሄ ዓሣ ነው ካልሲ?»

ሳነብላቸው ሳቁ። ቆየት ብለው የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ከእህታቸው ጋር የዓሣ ጥብስ ሊሸጡ ነው። የፋብሪካውንና የእኔን ማን ይለያል አሉ... የገዛ ልጃቸው የሩስላን የማጥመጃ ሣጥን ውስጥ ያለው እንኳ የሱቅ ነው።

ማርች 5

በፍላሽ ሞከርኩ። ሆዳቸው ነጣ፣ መርፌዎቹ ጠፉ። ፖሊስ ጣቢያ የተነሱ ይመስላሉ።

ማርች 6

ሁሉም ደብዛዛ። እጄ ይሆን? ስልኩ? ዓይኔ?

ማርች 11

ጃላል ጋ ሄድኩ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ሠርግ አንሺ። የእኛንም ሠርግ ያነሳው እሱ ነው። ከሆንኩት በላይ አድርጎ ነበር ያነሳኝ፤ ስለዚህ አምነዋለሁ።

ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አየ። አልሳቀም፣ እግዜር ይስጠው።

«እህቴ፣ ሙሽራንና መንጠቆን ፊት ለፊት በፍላሽ አትመቺም። ሙሽራዋ ዱቄት ትሆናለች፣ መንጠቆው ይጠፋል» አለኝ።

መስኮት አጠገብ አስቀምጪ፣ ብርሃኑ ከጎን ይግባ አለ። በወዲያኛው ጎን ነጭ ካርቶን አቁሚ፣ ጥላውን ያሳሳዋል። ስልኩን በእጅሽ አትያዥ፣ አስደግፊው። ይሄ የምንጣፍ አበባ ደግሞ ማን ጋበዘው? ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ልወጣ ስል ግን ጠየቀኝ... ሰው ከዚህ ነገር ላይ ምን እንዲያይልሽ ነው የምትፈልጊው?

አላውቅማ። ከሴትዮዋ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ነው የምኖረው፣ ግን አላውቅም።

ማርች 12

ስልኩን ትቼ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን ፈለግሽ አሉኝ። ምንም፣ ልይ ብዬ ነው አልኩ። ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለካ እንዲህ ነው! ቀላሉን እንጨት በቢላ ይጠርቡታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል፣ እንዲከብድ ከአገጩ ስር የእርሳስ ብረት ይቀብሩለታል። ከዚያ በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ይለቁታል። አፍንጫውን ዘቅዘቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ካልሰጠመ እንደገና ቢላ። ከዚያ ክሩ። ቀይ፣ ቡናማ፣ በመሃል እንደ ፀጉር የቀጠነች የብር ክር። ዙሩ ሲያልቅ ማባበያውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ይዳብሱታል። እየሳሙት መስሎኝ ነበር። ጣቴ ደንድኗል፣ ሻካራውን የሚነግረኝ ከንፈሬ ነው አሉኝ።

የብር ክሯን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ስንቱን ማባበያ በእጄ ይዤ ለሰው ሰጥቻለሁ... አላየኋትም።

ማርች 15

መጣ! ፎቶው መጣ!

የጠዋት ብርሃን፣ የብስኩት ካርቶን በነጩ በኩል፣ ሰማያዊ ሽርጤ በተቃራኒው ተዘርግቶ። ስልኩን በሩዝ ጣሳ አስደገፍኩት። የብር ክሯ ከአንገቱ እስከ ጭራው እንደ ጠዋት ጤዛ... እያንዳንዷ መርፌ ለብቻዋ ትታያለች። ከእንጀራ እናት ቤት እንደወጣች ልጅ፣ ሰው መሰለ።

ሮጬ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ፎቶው በሁለት ጣት እንዴት እንደሚሰፋ አሳየኋቸው። አሰፉት። ወደ ሆዱ ወረዱ። ብዙ ቆዩ።

«እዚህች ጋ ክሩ ተላልፏል» አሉ።

አየሁ። እውነት ነው፣ ከእርሳሱ ስር አንዷ ክር ሌላዋ ላይ ወጥታለች። በዓይን የማይታይ ነገር። ችግር የለም፣ ስልኩ ያጠፋዋል አልኩና ጣቴን ላሳርፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ከፎቶው ታጠፊዋለሽ። ከእንጨቱስ?»

ቢላቸውን አንስተው ክሩን በሙሉ ፈቱት። የአንድ ቀን ሥራ ጭናቸው ላይ የክር ክምር ሆኖ ወደቀ።

ማርች 23

ከሩስላን ጋር ተጣላን። ከዚያች ቀን ወዲህ እማማ የሠሩትን ሁሉ አንሺልኝ ይሉኛል፣ ያሰፉታል፣ ይፈቱታል። ምሳ ሲቀርብ አይሰሙም። ሩስላን ካርቶኔን ወስዶ ጀልባ ውስጥ ደበቀው። እናቴን ልታሳውሪያት ነው አለኝ። እሱም እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ማን በይ አለኝ? ሊተዉት የነበረውን ሥራ...

እማማ ከልሱም ሰምተውናል። ከመስኮቱ ሳይነሱ ነው የተናገሩት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አባትህም ቆንጆ ነው ይለኝ ነበር። አንተም ቆንጆ ነው ትለኛለህ። ጎረቤቱም ቆንጆ ነው። ክሩ መተላለፉን የነገረኝ የለም፤ ማንም ቀርቦ አላየማ። ካርቶኑን መልስላት።»

መለሰልኝ። በሩን ግን በኃይል ዘጋው።

ኤፕሪል 4

ጠረጴዛ ላይ ያለ ማባበያ የተኛ ነገር ነው፤ በውሃ ውስጥ ላንሳው አልኩ። ሩስላን ሲያጉተመትም ቆይቶ ከዓርብ ጸሎት በኋላ ይዞኝ ወጣ። ከካፓስ ደሴት ወዲህ፣ ውሃው እንደ መስታወት በሆነበት ቦታ ቆምን። ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አሰርኩ። በጀልባዋ ጠርዝ ተንጠልጥዬ እጄን እስከ ክንዴ ሰደድኩ። ሩስላን ሽርጤን ከኋላ ጨምድዶ ይዟል። ብትወድቂ ስልኩን ነው የማድነው አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

ማባበያው አፍንጫውን ዘቅዝቆ ወረደ። ፀሐይዋ የብር ክሯን ስትነካት... ነፍስ ዘራ። ሌላ ቃል የለኝም። ከታች አንድ ሶቶንግ እንደ ጥላ መጣ። ቆመ። ቀለሙን ለወጠ፣ ገረጣ፣ ደግሞ ቀላ። ሁለቱ ተፋጠጡ። ያኔ ነው ስልኩን ነክቼ ያነሳሁት።

ፎቶውን ስናይ የትኛው በሕይወት እንዳለ ለማወቅ ደጋግመን ማየት ነበረብን።

ሩስላን ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ የሱቁን ማባበያ ከገመዱ ፈታ። የእናቱን አሰረ። ለምን እስከ ዛሬ በእናቱ ማባበያ እንደማያጠምድ ጠየቅኩት። ባሕሩ ቢበጥስብኝስ ብዬ ነው አለኝ። እናቱ ንቆኛል እያሉ ሲያዝኑ፣ እሱ ደግሞ ሳስቶላቸው! ለምን አትነግራቸውም? ይሄ ይነገራል እንዴ አለኝ።

እኔ ነገርኳቸው። እራት ላይ ትልቁን የዓሣ ቁራጭ ከራሳቸው ሳህን አንስተው ሩዙ ላይ አስቀመጡለት።

ኤፕሪል 10

የባሕሩን ፎቶ ለጠፍኩት። ከፔናንግ፣ ከጆሆር፣ ከማላውቀው አገር ሁሉ ይጽፋሉ። የሚገርመኝ አብዛኛው ስንት ነው አይልም፤ ማን ሠራው ነው የሚለው። «ከልሱም» ብዬ መለስኩ። እማማ አስጠሩኝ። ከልሱም ብቻ? ቢላ አያያዝ ያስተማረኝ አባቴ የት ሄደ? አስተካከልኩ። ከልሱም ቢንቲ አዋንግ፣ የአዋንግ ልጅ፣ ማራንግ።

ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ደግሜ አነበብኩ።

ሜይ 19

ቤቱ እንጨት እንጨት ይሸታል። እማማ ከልሱም ለመጪው ዓመት የሚሆን ግንድ አስመጥተው ከቤቱ ስር እያደረቁ ነው። የዓሣ ጥብሱን ነገር እህታቸው ስታነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ዛሬ ከማባበያዎቹ በኋላ እሳቸውን ላንሳ አልኩ። ድሮ ቢሆን ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍኑ ነበር። ዛሬ ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ መስኮቱ ጎተቱ። ካርቶኑን በግራ አድርጊው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ብርሃኑ በቀኝ ነበር።

አነሳኋቸው። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወጣ፣ ዓይናቸው ውስጥ ደግሞ መስኮቱ ራሱ ይታያል። ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ። ስልኩን ተቀበሉኝ፣ አሰፉት። ግንባሩን። ጉንጩን። አፉ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እናቴ ናት» አሉ።

አልገባኝም ነበር። እናታቸው ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው። መልኳ ከራሴ ጠፍቶብኝ ነበር አሉ፣ እያደር እየደበዘዘ... አፏን እንኳ ማስታወስ አቅቷቸው ነበር። ይኸው አፏ።

ስልኬን አልመለሱልኝም። የክር ሣጥናቸው ላይ አስደገፉትና ፊት ለፊቱ ተቀምጠው መጠምጠም ጀመሩ። ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ክሩን በጥርሳቸው ይይዙና በጣታቸው ነካ ያደርጉታል። ይበራል። ይቀጥላሉ።