ከወጌሻው በታች

ውድ ሐመድ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ባለፈው ዓርብ አይቼሃለሁ፣ ደህና ነህ። እኔንም አይተኸኛል። ከኩርሙክ የመለሰኝ የጭነት መኪና አቧራ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። አራት ቀን ስጽፍና ስቀድ ቆየሁ፤ ዛሬ ግን የመጣው ይምጣ ብያለሁ።

ከኮሌጁ የሄድክ ሰሞን ከቢሮ ቅጽ መጣልኝ። «ምክትል አሰልጣኙ ሥራ የለቀቀበት ምክንያት» ይላል፤ ምርጫዎቹ ደመወዝ፣ የአየር ጠባይ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ናቸው። ከኮሌጅ ወጥቶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባን ሰው ደመወዝ ፍለጋ ሄደ አይሉትም። አሶሳን በአየር ጠባይ ጠልቶ ኩርሙክ ሐሩር የሚወርድም ያለ አይመስለኝም። «የቤተሰብ ጉዳይ» ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።

ባንተ ቦታ ኤጀታ የሚባል የነጆ ልጅ ተቀጥሮ ነበር። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት መጥቶ «ጋሼ፣ ግልገል በለስ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቤትም ይሰጡኛል። ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ልሂድ» አለኝ። ጨብጬ ሸኘሁት፣ ቅርም አላለኝ። እንዲህ ያለውን መሄድ እረዳዋለሁ። አንተ ግን የኳስ መጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ነው የወጣኸው።

የመምህራን ኮሌጁ ሲከፈት ትዝ ይልሃል? ክልሉ ራሱ አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ ማኅተም እንጂ ወንበር አልነበራቸውም። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጣሁ። ልጆቹ በቋንቋቸው እንዲያስተምሩ ከየቀበሌው የተመለመሉ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የጨረሱ ነበሩ። አማርኛቸው ለሰላምታ ይበቃል፤ ለኔ ቁጣ አይበቃም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከበርታ ቋንቋ አንዲት ቃል አልያዝኩም። አንተ እያለህልኝ ምን አደከመኝ! እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ታስተረጉማለህ። የኔ አጭር ሲሆን ያንተ ይረዝማል፣ የኔ ሲረዝም ያንተ ያጥራል። ለምን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም።

ከመተከል የመጣው ቡድን ሁለት ለባዶ ሲመራን የዋለበትን ቀን ልንገርህ፣ ብታውቀውም። በእረፍት ሰዓት ማንጎው ዛፍ ሥር ሰብስቤያቸው ያላልኩት የለም። «እናንተ ኳስ ምን አገናኛችሁ! ፍየላችሁን ሂዱና ጠብቁ! ያሰለጠንኳችሁ ቀን ይረገም!» ብያለሁ። አንተ ራስህን ነቀነቅህና በቀስታ አስተረጎምክላቸው። ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ፈርተውኝ መሰለኝ፤ ቁጣ ይሠራል ብዬ ኮራሁ። ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞኝ ሜዳውን ሲዞር አንተ የልጆቹን ልብስ እየለቀምክ ነበር።

በዚያ ድል ክልሉ ወደ ውድድር ሊልከን ወሰነ፤ የልዑካኑን ስም ዝርዝር ጻፍ ተባልኩ። የክልሉን ምርጥ ቡድን ማን ያሰልጥን የሚል ወሬም ነበር። «ሐመድ፣ ምክትል አሰልጣኝ» ብዬ ብጽፍ የአገሩ ልጅ ነህ፣ ቋንቋው አለህ፣ ልጆቹ ይወዱሃል፤ ማንን እንደሚመርጡ አልጠፋኝም። ፈራሁህ። አንደኛ ራሴን «አሰልጣኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለተኛ ወጌሻውን፣ ሦስተኛ አንተን፦ «አስተርጓሚ»። ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ቆመህ ስታነብ በመስኮት አይቼሃለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብከው። ወጥቼ ስህተት ነው ልልህ እችል ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ያለ አንተ ሄድን። አምስት ለባዶ ተሸነፍን። በእረፍት ሰዓት ተናገርኩ፣ ተናገርኩ፤ ልጆቹ ወዳንተ ቦታ ወደ ባዶው ዞረው ጠበቁ። የክልሉንም ቡድን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ የበላኝ ፍርሃቴ ለከንቱ ቀረ።

ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አምበላችን አብዲ፣ አማርኛው ከሌሎቹ የሚሻለው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። የማንጎው ሥር ዕለት ሐመድ ምን ብሎ አስተረጎመላችሁ አልኩት።

«መምህር፣ አንተ ሲቆጣ ይፈጥናል፣ እኛ አይገባንም» አለኝ። «ሐመድ ግን ነገረን። ‹መምህሩ ይቅርታ ብሏችኋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ በትክክል ያላሰለፍኳችሁ፣ እናንተ ጎበዞች ናችሁ ብሏል› አለን። በኛ አገር ትልቅ ሰው ይቅርታ ካለ፣ ዝም ተብሎ አይቀመጥም። ተነሥተን ጨበጥንህ።»

ሐመድ፣ እኔ የሰደብኩበትን አፍ አንተ ይቅርታ ጠያቂ አደረግከው። በሕይወቴ የተከበርኩባት አንዲት ቀን አንተ በሰጠኸኝ ቃል ነው የተከበርኩት። እኔም መልሼ ከወጌሻው በታች ጻፍኩህ።

ዓርብ የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነበር። ክፍልህ በር ላይ ስደርስ ልጆቹን አየት አድርገህ፣ ጠመኔውን አስቀምጠህ ወጣህ። እጄን ጨበጥከኝ። ከዚያ በበርታ አናገርከኝ። ከኔ የተሻለ አማርኛ ያለህ ሰው አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣህም። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችለውን የባምባሲዋን መምህርት ጠጂቱን ጠርተህ መሃላችን አቆምካት።

«ጋሼ፣ መንገዱ አድክሞዎታል፣ ውሃ ይጠጡ ይላል» አለችኝ።

የሆዴን ሁሉ ነገርኩህ፤ እሷም አስተረጎመችልኝ። ከዚያ አንተ ተናገርክ። መሬት መሬቱን እያየህ ረጅም ተናገርክ። መሃል ላይ ድምፅህ ተሰበረ፤ በመስኮት ከሚያዩን ልጆች አንዲቷ አፏን በእጇ ያዘች። ስትጨርስ ጠጂቱ እኔን ማየት አቃታት።

«ቅር አላለኝም ይላል» አለች።

ይኸው ነው። ያን ሁሉ ተናግረህ ለኔ የደረሰኝ ይህ ብቻ ነው። ድሮ ቢሆን አምኜ እመለስ ነበር። አሁን ግን ረጅም ንግግር ሲያጥር ምን እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ያልከውን መስማት አለብኝ። ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም እህልም አልተስማማኝ። ትናንት አብዲን ለመንኩት፤ «ሐመድ በበርታ ቢጽፍልኝ ቃል ሳትለውጥ፣ ሳታለሳልስ ታነብልኛለህ?» አልኩት።

«መምህር፣ እኔ እንደሱ አይችልም» አለኝ። «ሐመድ ያስተማረን ማስተርጎም፣ ሰው የማይጎዳ ነው።»

ሳስበው ይህ ልጅ ልክ ነው። በዚህ አገር ያልከውን እንዳለ የሚነግረኝ ከአንተ በቀር ማንም የለም፤ አንተ ደግሞ ለኔ አማርኛ መናገር ትተሃል።

ዝርዝሩን ከሰሌዳው አውርጄ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። «አስተርጓሚ» የሚለውን በእጄ ሰርዤ «አሰልጣኝ» ብያለሁ፤ የራሴንም ስም ሰርዣለሁ። ከእንግዲህ ለማንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ።

ይገረም
አሶሳ