ለፉአድ ያልቀዳሁት የእማ ዚነት ድምፅ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለፉአድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ዓይንህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ዛሬም መጽሐፍ ላይ እንደተደፋህ ነህ? የዩኒቨርሲቲው ምግብ አልስማማ ብሎህ ነበር፤ እሱስ እንዴት ሆነ? የኔን ጤና ከጠየቅህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወገቤን አልፎ አልፎ ከመውጋቱ በቀር ደህና ነኝ። ከናንተ ናፍቆት ሌላ የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ዘንድሮ ብዙ ጎድሎብኛል።

በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ተውኩት። ድምፅህን ስሰማ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ይህንን ወረቀት ወደ አገር ለምትገባ ጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ እማ ዚነት ወደ አኼራ ሄደች። ለማስተርስ ጽሑፍህ ስትጠብቀው የነበረው ድምጿም የለም። መቅዳት እችል ነበር፤ አልቀዳሁትም። ብትቆጣ አልፈርድብህም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከአገር የወጡ አርጎባዎች ቋንቋቸውን እንዴት እንደያዙት አጠናለሁ ስትለኝ ምን ያህል እንደኮራሁ አላህ ያውቃል። ገበያ ላይ ሰው እንዳይሰማን ዝቅ አድርገን የምናወራውን አርጎብኛችንን ዩኒቨርሲቲ ቁም ነገር አደረገው ብዬ፣ ያኔ ለምሠራላት ማዳም ሳይቀር ነገርኳት። ነገሩ ባይገባትም ማሻአላህ አለች። አስተማሪህ ከዚህ ከጅዳ የአንድ አሮጊት ንግግር ካላመጣህ ሥራህን እንደማይቀበልህ፣ እስከ ሐምሌ ካላስገባህም ቦታህ እንደሚዘጋ ስትነግረኝ፣ አብሽር፣ እኔ አለሁልህ አልኩህ። እዚሁ ሰፈራችን ሰቢል ውስጥ እማ ዚነት ነበረችኛ! ከአገራችን ከጦለሃ ወጥታ ጅዳ ያረጀች፣ ከኔ በቀር በአርጎብኛ የሚያወራት ያልነበራት። ልጇ ሀሰና እንኳ እዚሁ ስላደገች ዓረብኛ ነው የሚቀናት፤ አማርኛዋም የተሰባበረ ነው፤ እኔና እናቷ በአርጎብኛ የምናወራውም እሷ በሌለችበት ነበር። ስላንተ ስነግራት እማ ዚነት ሳቀች። ግን ጥርሷን ሳታስተክል ድምጿ አዲስ አበባ እንደማይገባ ማለችብኝ። እሷ ጥርስ ስትል እኔም እሺ ስል ነው የዘገየነው። አይ እማ ዚነት!

ግንቦት ላይ መካ ነበርኩ። ዓዚዚያ የሚባለው ሰፈር ለሐጅ የሚመጡት ሑጃጅ የሚያርፉባቸውን ቤቶች እያጸዳን ሳለ ሀሰና እያለቀሰች ደወለችልኝ። እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ወድቃ፣ ሐኪም ቤት ቆይታ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ዓረብኛውም አማርኛውም ጠፍቶባት፣ ማንም የማያውቀው ነገር ትናገራለች አለችኝ። ጎረቤቱ ጂን ነው ብሎ ጂን የሚያስወጣውን ሩቅያ የሚቀራ ሰው ጠርቷል። በሐጅ ሰሞን ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ከመካ ከወጣሁ ተመልሼ እንደማልገባ፣ ሥራዬም ኸላስ እንደሚሆን አውቃለሁ። መንገድ ላይ ከያዙኝ ደግሞ ሹመይሲ እስር ቤት ታጉሬ መጠረዜ ነው። ቢሆንም ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስሄድ የማስበው ስላንተ ነበር። ሳታመልጠኝ ልቅዳት ብዬ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ነው የወጣሁት።

ስደርስ ሰውየው የዘምዘም ውሃ እየረጨባት ይቀራል። ሀሰና እናቷን መቅረብ ፈርታ በሩ ላይ ቆማለች። ፉአዴ፣ አሮጊቷ ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ? ጥርት ባለው በጦለሃ አርጎብኛ፣ ውሃው በረደኝ፣ ልብስ ደርቡልኝ ነው የምትለው። ልጄ የታለች፣ ለምን አትጠጋኝም ትላለች። አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ለሀሰና ይህ ጂን እንዳልሆነ፣ እናቷ በልጅነቷ አፍ የፈታችበት ቋንቋ እንደሆነ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። እማ ዚነትን ጠይቄ፣ መልሳልኝ፣ ብርድ ልብሱን ደርቤላት እፎይ ስትል ነው ያመነችው። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍታ፣ «የገዛ እናቴን ፈራኋት እኮ፣ ዘቢባ» አለችኝ።

እስክትሞት ድረስ በመሃላቸው ተቀመጥኩ። የአንዷን ለአንዷ ሳደርስ ሰነበትኩ። አፉ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ። እማ ዚነት ቋንቋዋን ለልጇ ያላስተማረችው በሰው አገር መሳቂያ እንዳትሆንባት ብላ እንደነበር ተናገረችና ስለሱም አፉ በይኝ አለቻት። ይሄኔ ስልኬን አወጣሁ። ሀሰና ምን ላደርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስለ ትምህርትህ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ዕድሜ ልኳን ያወራችኝ በሰው ቋንቋ ነው» አለችኝ። «ይቺን እንኳ ለኔ ብቻ ተዪልኝ።» አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር? ስልኩን መልሼ ከተትኩት። ስከተው የምትመረቅበትን ቀን እያሰብኩ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዓርብ ጠዋት አለፈች። እዚህ ሴት ቀብር አትሄድምና ወንዶቹ ይዘዋት ሲወጡ እኔና ሀሰና ቤት ቀረን። የእናቴን ሰላምታ አስተምሪኝ አለችኝ። ትሞክረዋለች፣ አይወጣላትም፣ ታለቅሳለች። አሁንም እሷው ዘንድ ነኝ። ሌላ አርጎብኛ የሚችል ሰው ሳጠያይቅ ከርሜ አንድም አላገኘሁልህም። ለአስተማሪህ የሆነውን እንዳለ ንገረው። ጊዜ እንዲጨምርልህ ዱዓዬ ነው።

እኔም ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። እዚህ አገር ብወድቅና ውሃ አጠጡኝ ብዬ በአርጎብኛ ብለምን ማን ይሰማኛል? አንተ ለትምህርት ከሚሴ አጎታችን ዘንድ ስላደግህ በአርጎብኛ ሰላም ስልህ በአማርኛ ነው የምትመልስልኝ። ያም ሆኖ ስለ ቋንቋው ከኔ የበለጠ ታውቃለህ። ከእንግዲህ ስትደውል ይህ እንዴት ይባላል ብለህ አትጠይቀኝ። በሱው አውራኝ። ብትሳሳትም ግድ የለም፣ አልስቅብህም።

አጎታችንን አብዱረሺድን ጉልበቱን ሳምልኝ፤ ዱዓው አይለየኝ። ልጁን በድሪያን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ፎቶ ደርሶኛል፣ አድጋለች። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። እማዬን ግን ራስህ ጦለሃ ድረስ ሂድላት። እሷን በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት እማ ዚነት ናት፤ መርዶውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። አጠገቧ ተቀምጠህ፣ እጇን ይዘህ፣ በአርጎብኛ አርዳት።

እህትህ ዘቢባ
ጅዳ፣ ሰቢል
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.