አገዳዎቼን ላቃጠለው ልጄና ለአበባ መሬቴ

እኔ ኦፓል ዴትሪክ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት፣ የካንሳስ ሜዳ ተወላጅ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2013 ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን አስጽፌአለሁ። ተቆጥታለች የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ መቆጣት ግን ማበድ አይደለም።

አንደኛ፤ ቤቱንና መኪናውን ለአንድ ልጄ ለዱዌን ሰጥቻለሁ። ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ከቤቱ በስተደቡብ ያለውን የአበባ መሬት ዱዌን አይወርሰውም። ምክንያቱን ጸሐፊዋ አንድም ሳታስቀር ትጻፍልኝ። በዚያ መሬት አርባ አንድ ዓመት ኤኪናሲያና ሌሎች የሜዳ አበቦች ተክያለሁ። አንዴ ሥር ከሰደዱ ውኃ አይለምኑም፤ ዓመት ዓመት ራሳቸው ይመለሳሉ። አምና ድርቁ የሰፈሩን ሣር ሁሉ ሲያነድደው የእኔዎቹ አበቡ፤ የአገሩ ንብና ቢራቢሮ ከእነርሱ በላ። ያኔም ይኸው ልጄ «አሳዘኑኝ» ብሎ ጧት ማታ ውኃ እያጠጣ የግማሾቹን ሥር አበሰበሰብኝ። ይቅር አልሁት።

ዘንድሮ ደግሞ ሆስፒታል በተኛሁባቸው ዐሥራ አንድ ቀናት፣ ለምስጋና በዓል እንግዶች ግቢው ይመር ብሎ፣ የደረቁትን የአበባ አገዳዎች ከሥር አጭዶ አቃጠላቸው። የዱር ንብ ቀፎ የላትም፤ ልጆቿን የምታስቀምጠው በእነዚያ አገዳዎች ውስጥ ነው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ እዚያ ይተኛሉ። ይህን ገና በልጅነቱ ጀምሬ ነግሬዋለሁ!

እዚህ ላይ ዱዌን፣ «እማዬ፣ ላጸዳልሽ ብዬ እኮ ነው! ሥሩ እንዳለ ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ መልሶ ያብባል» አለ።

«ያብባል! ማን ሊመጣለት ነው የሚያብበው? ወይ አለማፈር!» አልሁት። ይህም ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ መሬቱን ለምራቴ ለሬኔ ሰጥቻለሁ። ባሏ ሲያቃጥል አንድ እቅፍ አገዳ ነጥቃ የመኪና ማሳደሪያው ክፍል ውስጥ ደብቃለች። የነገረችኝ ዛሬ ጧት ነው። «እሱን ፈርቼ ነው እንጂ እማማ፣ ከዚህ የበለጠ ባተርፍልዎ ደስ ባለኝ» አለችኝ። ሬኔ ልጄ፣ ዛሬውኑ አውጥተሽ ከአጥሩ ጋር እሰሪው፤ የንቦቹን ልጆች የቤት ሙቀት ካገኛቸው ያለጊዜያቸው ነቅተው ያልቃሉ። ወደፊትም ሜይ ሳይገባ መሬቱን ማጭድ አይንካው። ባልሽ «ልርዳሽ» ካለሽ በሩን ዝጊበት።

አራተኛ፤ ሐኪሙ እስከ ገና እንኳ አትደርሺም ብሎኛል፤ የሚመጣውን አበባ እኔ አላየውም። ዱዌን ሆይ፤ ጁን ሲገባ ወንበር ይዘህ አበቦቹ መሃል ተቀመጥና አዳምጥ። በዚያ ወር አንተና እኔ እዚያ ቆመን ለመነጋገር እንጮኽ ነበር፤ የንቡ ድምፅ አያሰማማንም ነበርና። ጸጥ ካለብህ፣ ያ ጸጥታ ያንተ ድርሻ ነው። ለብቻህ ውረሰው።

ቃሉ ሲነበብ ሰምተን፣ ተናዛዧ በእጃቸው ሲፈርሙ አይተን ፈረምን፤
ሆሊስ ብራንት፣ ጎረቤት
ማርቫ ኩንዝ፣ አስታማሚ ነርስ