የባዶው ቱቦ ሰው፦ የዶክተር ስቱሬ ሊንድማርክ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ስቱሬ ሊንድማርክ ከአባታቸው ከመጋዝ ሠራተኛው ከአቶ ኤሊስ ሊንድማርክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲግኔ ኑርዴል በሰሜን ስዊድን፣ ሼሌፍቴዮ አጠገብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1941 ተወለዱ። ኡሜኦ ከተማ ፊዚክስ ተምረው በ1970 ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በ1967 ወይዘሮ ማይ-ብሪትን አግብተው ኡልሪካንና ሆካንን ወልደዋል። ወይዘሮዋ የመዝሙር አስተማሪ ስለነበሩ ቤቱ ዝም ብሎ አያውቅም፤ የባለቤታቸው ሥራ ደግሞ ሁካታ መቀነስ ነበር።

ዶክተር ስቱሬ በሌዘር ብርሃን በጋዝ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎችን ይለዩ ነበር። የሚፈለገው ምልክት ኢምንት ነው፤ ዙሪያው ሁካታ ነው። ስለዚህ ባዶውን የመለኪያ ቱቦ ይለካሉ፣ ጋዝ የገባበትን ይለካሉ፣ የፊተኛውን ከኋለኛው ይቀንሳሉ። የሚቀረው እውነቱ ነው ይሉ ነበር።

በ1988 መሣሪያቸው ሕመምን እንዲለይ በሰው ትንፋሽ ሲሞክሩ መጀመሪያ የተነፈሱት ወይዘሮ ማይ-ብሪት ናቸው። አንዴ ለልምምድ ተነፈሱ። ዶክተር ስቱሬ ቱቦውን አናፍሰው ባዶ ነው ብለው ለኩ፤ ከዚያ ዋናውን ትንፋሽ ለኩ። ተቀንሶ ምንም የሕመም ምልክት አልቀረም። ጤነኛ ነሽ ብለው አበሰሯቸው፤ ወይዘሮዋም ይሰማቸው የነበረው ድካም ሥራ ያመጣው ነው ብለው የሐኪም ቀጠሯቸውን ሰረዙ። በ1990 በኩላሊት ሕመም አረፉ።

ከአራት ዓመት በኋላ ዶክተር ስቱሬ የድሮ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ነገሩን ደረሱበት። ኩላሊት ሲደክም በትንፋሽ የሚወጣው አሞንያ የተባለ ጋዝ የቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ባዶ ያሉት ቱቦ የልምምዱ ትንፋሽ አሞንያ ስለቀረበት ባዶ አልነበረም። የሚስታቸውን ሕመም በገዛ እጃቸው ቀንሰው ጥለውታል።

ስህተቱን በስማቸው በመጽሔት ሊያወጡ ሲነሱ ኡልሪካ የእናቷ ሞት መነጋገሪያ እንዳይሆን ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ «ካልጻፍኩት እኮ ሁለተኛ ቀነስኳት ማለት ነው፣ ልጄ» አሏት። ጻፉት። ልጃቸው ስድስት ዓመት አኮረፈቻቸው፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ የተጣበቀው እንዲለቅ ቱቦው ሳይሞቅ፣ ባዶው ሳይለካ ማንንም አላስተነፈሱም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2019 ዐረፉ። በዚያ ቀን ጠዋት ነርሷ የኦክስጅን ጭንብል ስታደርግላቸው፣ ባዶው ተለክቷል ወይ ብለው ጠየቁ። ነርሷ ግራ ገባት። ኡልሪካ እጃቸውን ይዛ፣ «ለክተናል፣ አባዬ» አለቻቸው።

ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ዛሬ ከወይዘሮ ማይ-ብሪት አጠገብ ያርፋሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ምንም ሳይቀንስ ይቀበልልን።